ከጓዳ እስከ ጉባኤ
(አንበሳሜ ላይ ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው በምክር ቤት ስለሚነገር ንግግር ነው። ምክር ቤት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በጀት፣ ሹመት፣ የጦርነትና የሰላም ጉዳይ ነው። እኔ የማነሣው ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ቤታችን የተነገረውን ነው። ሴት ልጅ በስንት ዓመቷ ትዳር? ባል በሚስቱ ላይ አዛዥ ነው ወይ? ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከወንጀል ነፃ ይወጣል? ጢሰኛ ከባለመሬት ጋር በምን ውል ይረስ? እነዚህ ጥያቄዎች ለዘመናት በጓዳ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በንስሐ አባት ጆሮ ሲያልቁ ኖረዋል። ወደ ጉባኤ የወጡት፣ ወንበር ያለው አንድ ሰው ተነሥቶ ስለተናገረባቸው ነው። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነበር፤ ብዙ ጊዜም በዕለቱ ተሸንፏል። የዚያ ሰው ሥራ በዕለቱ በተቆጠረው ድምፅ መለካት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ላስረዳችሁ።

በሩቅ አገር ልጀምር። አየርላንድ ሕዝቧ ለብዙ ዘመን አጥባቂ ካቶሊክ የነበረ፣ ገበሬነትን፣ ረሃብንና ስደትን አሳምሮ የሚያውቅ አገር ናት። 60 አባላት ያሉት ሴኔት አላት፤ ከ60ዎቹ ስድስቱን የሚመርጡት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። በፈረንጆች 1969 በዚህ በር የገቡት የሕግ መምህርቷ ሜሪ ሮቢንሰን ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ። ያን ጊዜ በአየርላንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ካገባች ሥራዋን መልቀቅ ግዴታዋ ነበር። የወሊድ መከላከያ መሸጥ ክልክል ነበር። ፍቺም በሕገ መንግሥት የተከለከለ ነበር። ሮቢንሰን በ1971 ከሁለት ሴናተሮች ጋር ሆነው የወሊድ መከላከያው ክልከላ እንዲነሣ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ሴኔቱ ረቂቁን ለመጀመሪያ ንባብ እንኳ አልፈቀደም። የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ እንዲህ ያለው ሕግ ለአገር እርግማን ነው ብለው ለምእመናን መልእክት ላኩ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በ1973 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአንዲት ባለትዳር ሴት ፈረደ። በ1979 ምክር ቤቱ ራሱ በሐኪም ማዘዣ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በ1985 ደግሞ አላላው። በ1990 ሮቢንሰን የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በወሊድ መከላከያ ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር የማይስማማ ሰው ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያ መብቱ ነው። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ረቂቁ ከመቅረቡ በፊት ጉዳዩ በየቤቱ የሚታማ ነገር ነበር። ከቀረበ በኋላ ግን ምክር ቤቱ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ማለት ግድ ሆነበት፤ «አይሆንም» ያለም ምክንያቱን በአደባባይ መናገር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ዝምታ መልስ ሊሆን አልቻለም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ።

የኢትዮጵያ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ምክር ቤቶቹ ሁለት ነበሩ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። ሴኔት የምንለው የሕግ መወሰኛውን ነው፤ አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፍንት፣ ከመኳንንትና ከታላላቅ ሹማምንት መካከል ይሾሟቸው ነበር። ሕዝብ የሕግ መምሪያውን አባላት በድምፁ መምረጥ የቻለው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ምርጫው የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ ሁሉም የሚወዳደረው በግሉ ነበር። ለመወዳደር ደግሞ በምርጫ ወረዳው ውስጥ 1000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ያለው ጢሰኛ ማን ነው? ይህን ያህል በስሟ ያላት የገጠር ሴትስ? በሩ ላይ የተቀመጠው ሚዛን፣ ውስጥ የሚነገረውን ነገር ገና ከጅምሩ ወስኖት ነበር።

በዚያ በር ግን አንዲት ሴት ገቡ። በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ለጎንደር ሰው ስማቸው እንግዳ መሆን የለበትም፤ አባታቸው ገብሩ ደስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። ከንቲባ ገብሩ የተባሉትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስንዱ በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ላይ ተወልደው በስዊዘርላንድ ተማሩ። ጠላት አገር ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ወደ ምዕራብ ዘመቱ፤ ተያዙና አዚናራ ወደምትባለው የጣሊያን የግዞት ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነንን የሴቶች ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት መሩ፤ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቲያትሮች ጻፉ። ሴት ልጆችን ለዓመታት ያስተማረ ሰው ትምህርትና ጋብቻ አንዲትን ልጅ እንዴት እንደሚሻሟት ያውቃል። ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምክር ቤት የገቡት ይህን እውቀት ይዘው ነው። እስከ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሱ፤ ስለ ሴቶች መብት በተነሡ ቁጥር ግን ከወንዶቹ ባልደረቦቻቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው።

ያ የምክር ቤት ዘመን ምን ያህል ከባድ ሸክም ይዞ እንደነበር አስቡት። የአገሪቱ ዋና ዋና ሕጎች የተጻፉት በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ የወጣው በሐምሌ 1949፣ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። በዚያ ሕግ ሴት የጠለፈ ሰው ይቀጣ ነበር፤ ነገር ግን የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቀር ነበር። «በፈቃዷ» የሚለውን እናንተ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ሰው ቤት ተቀምጣ፣ ሽማግሌ ከአባቷ ጋር ካሳ ሲቆርጥ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ሕጉ ለጠላፊው መውጫ በር ከፍቶለት ነበር፤ ያ በር ደግሞ ለልጅቷ የዕድሜ ልክ እስራት ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ምክር ቤቶቹ ተወያይተውበት ጸደቀ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ስለ ውል፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ንብረት የሚናገረው ብዙው ክፍል ዛሬም ይሠራል። ስለ ትዳር የሚናገረው ግን እንዲህ ነበር። አንቀጽ 581 የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው አለ፤ ሚስትም በሕግ በተፈቀደ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ። ባል የሚስቱን ውሎና አካሄድ የመከታተል ሥልጣን ተሰጠው። ይህ ሁሉ ከዚያ በፊት ልማድ ነበር። ልማድ ደግሞ በየቤቱ ይላላል፤ ብርቱ ሴት ያለችበት ቤት ሌላ ነው፣ ደግ ባል ያለበት ቤት ሌላ ነው። አንቀጽ ሲሆን ግን ዳኛ ፊት የሚጠቀስ ሆነ።

ወይዘሮ ስንዱ ያን ሕግ ማስቀረት አልቻሉም። በአንድ ሰው ድምፅ የሚቀር አልነበረም። አንቀጽ 635 ለ40 ዓመታት ጸንቶ ኖረ፤ ንጉሡ ሄደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶም ሕጉ አልተነካም። ደርግ ስለ ሴቶች እኩልነት ብዙ ተናግሯል፤ የቤተሰብ ሕጉን ግን እንዳለ ነው የተወው። የተሻረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ስንዱ ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ስለሆነ መሻሩን በሕይወት አይተውታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ 1992ቱ ከመድረሴ በፊት በዚያው በአሮጌው ምክር ቤት ስለተሸነፈ ሌላ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ እርሱ የመሬት ጉዳይ ነው። በደቡብና በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ሚሊዮኖች በጢሰኝነት ይኖሩ ነበር፤ ከምርታቸው ሢሶውን አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬት ይገብሩ ነበር፤ ባለመሬቱ በቃችሁ ሲል ይነቀሉ ነበር። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ኪራዩ ጣሪያ ይኑረው፣ ጢሰኛ ያለ ምክንያት አይነቀል የሚል ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ቀረበ። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ የወጡት ወደ ምክር ቤቱ ደጅ ነበር፤ ውስጥ ይህ ረቂቅ ነበርና። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ረቂቁ ተሻሽሎ ተመለሰ፤ እንደገና ታገደ፤ እንደገና ተመለሰ። በሁለቱም ምክር ቤት የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለመሬቶች ነበሩ። እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ አልጸደቀም። የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠርን መሬት በሙሉ በአንድ አዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲያደርገው የሚከራከር ምክር ቤት አልነበረም። ያ ልከኛ ረቂቅ በጊዜው ጸድቆ ቢሆን አገራችን ወደ መሬት ለውጥ የምትገባው በሌላ መንገድ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ጢሰኛን የሚወክል ሰው በሌለበት ጉባኤ የጢሰኛ ጉዳይ ዐሥር ዓመት ተንከባለለ፤ ዋጋውን ግን ባለመሬቶቹም ከፈሉት።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ቅርብ፣ ከአባይ ማዶ ተፈጽሟል። በ1960 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ብዙ ተከራክሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አወጣ። የጥንቱ አሥራት ቀረ፤ ገበሬ በሚያገኘው ገቢ መጠን ይክፈል ተባለ። ወረቀቱ ላይ ለድሃው ገበሬ ይሻላል። ጎጃም ግን አመፀ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ገበሬው የሰማው «ገቢህ ይገመታል» የሚለውን ሳይሆን «መሬትህ ይለካል» የሚለውን ነው፤ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት ይነጠቃል ብሎ ፈራ። ሌላ አገር ላይ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ከመሬቱ የነቀለውን ሰው አይቷልና ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። የጢሰኛው ረቂቅ ተናጋሪ አጥቶ ሞተ። የግብሩ አዋጅ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በቂ ተናጋሪ ነበረው፤ ሞጣ ገበያ ላይ ግን አንድም ሰው አላስረዳውም።

አሁን የቤተሰብ ሕጉ ዘመን ላይ ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 35 ሴቶችና ወንዶች በጋብቻ እኩል ናቸው፣ ሴቶች መሬት የመያዝ መብት አላቸው አለ። አንቀጽ 635 ግን በሥራ ላይ ነበር። አንድ አገር እኩል ናችሁ የሚል ሕገ መንግሥትና ታዘዢው የሚል የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ አምስት ዓመት ኖረች። ይህን ተቃርኖ አደባባይ ያወጡት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በዚያው ወራት አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችና በግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ጠበቃ ሆኖላት ነፃ ወጣች። ታሪኩ «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻ ሆነ። ጉዳዩን አገር ሁሉ ሰማው፤ ስለ ጠለፋ በየቤቱ ክርክር ተነሣ።

ሰኔ 27 ቀን 1992 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 አወጣ። በዚያ ምክር ቤት የነበሩት ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የባል አዛዥነት ተሻረ፤ ቤትና ንብረት በጋራ የሚተዳደር ሆነ። የፍቺ ውሳኔ ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። አዋጁ የሚሠራው ግን በፌዴራሉ ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። የእኛ የአማራ ክልል ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 79 በ1995 ዓ.ም. አወጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ለጠላፊው የተከፈተውን በር ዘጋ፤ ቢያገባትም ይከሰሳል። ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 ወንጀል አደረገ፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት፣ 13 ከሞላት እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በሴት ልጅ ግርዛት ላይም የመጀመሪያውን ግልጽ ክልከላ ያኖረው ይኸው ሕግ ነው።

ከወይዘሮ ስንዱ ሙግት እስከ እነዚህ አንቀጾች ድረስ አራት ዐሥርት ዓመታት አሉ። በመካከሉ ብዙ መምህራን፣ ጠበቆች፣ ነርሶች፣ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች አሉ። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ሴት በዚያ አዳራሽ ቆማ ይህ ትክክል አይደለም ባትል፣ ኋላ የመጡት ከየት ይነሡ ነበር?

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ። ሕጉ ወጣ፤ እኛ ጋ ምን ሆነ?

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት እኩሌታዎቹ ያገቡት 17 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሳይሞላቸው ነው። በአዲስ አበባ ይህ ዕድሜ 24 ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር። ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው የአማራ ነበር። ይህ ቁጥር ስለ እኛ፣ በዚህ አዳራሽ ስለተቀመጡት እናቶች ነው። በደራ፣ በእስቴ፣ በፎገራ፣ በፋርጣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወቅት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ዕድሜዋ ሲጠየቅ 18 ይባላል። ካልዳረች «ቆማ ቀረች» ይባላል፤ ወላጅ ይህን ስድብ ከእስራት አብልጦ ይፈራዋል። አባቷ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከአማቹ ጋር መዛመድ፣ ልጁ ሳትበላሽበት ለወግ ማብቃት፣ ከመሞቱ በፊት ማየት ይፈልጋል። ልጅቷ ግን ሰውነቷ ሳይጠና ታምጣለች። ባሕር ዳር ላይ በ1997 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ያየ ሰው፣ የዚያን ወግ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

ለውጥ ከሕግ ብቻ እንደማይመጣ የሚያሳይ ምስክር ጎረቤታችን ነው። በፎገራ ወረዳ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ፣ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ያበስላል፣ ልጅ አትዳርም ብሎ የወሰነው የቤተሰብ ሕጉ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ነው። በእምነታቸው ነገር የማይስማማ ይኖራል፤ በዚህ ነገር ግን ቀድመውናል፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

አንድ ሕግ ግን ወደ እኛ ቤት በእውነት ገብቷል፤ እርሱ የመሬት ሕጉ ነው። የክልሉ ምክር ቤት በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 የገጠር መሬት አስተዳደርን ሲደነግግ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አደረገ። ዛሬ በየሣጥናችን ያለው የመሬት ደብተር የባልና የሚስት ስም፣ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበት ነው። ሚስት ስትፈታ «ባዶ እጅሽን ሂጂ» ማለት እንደ ድሮው አይቀልም፤ ደብተሯን ይዛ ወረዳ ትሄዳለች። ባሏ የሞተባትም ሴት ከባሏ ወንድሞች ጋር ስትከራከር የምታሳየው ነገር አላት። በርግጥ ደብተሩ እያለ የሚገፉ ሴቶች አሉ። ቢሆንም የዚህ ሕግ ጉልበት ከየት እንደመጣ ልብ በሉ፤ ሴቲቱ ራሷ በእጇ የምትይዘው ወረቀት አለ።

የጋብቻው ዕድሜ ሕግ ይህ ወረቀት የለውም። 18 ዓመት ይላል፤ ልጅቷ መቼ እንደተወለደች ግን የተጻፈ ነገር የለም። በሰማንያኛው ቀን ክርስትና መነሣቷ ይታወሳል፤ ዓመቱ አይታወስም። ጥቆማ ሲመጣ ጤና ጣቢያ ተልካ በግምት ዕድሜ ይነገራል፤ ሐኪሙም በአንድና በሁለት ዓመት ሊስት ይችላል። ወላጅ 18 ናት ሲል፣ መምህሯ 14 ናት ሲል ዳኛው በምን ይፍረድ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 760፣ በ2004 ዓ.ም. ወጣ። ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት ይላል። በዚያ ዓመት ተወልዳ የተመዘገበች ልጅ በዕድሜዋ የሚዋሽባት የለም፤ ያልተመዘገበችው እህቷ ግን ያለ ዕድሜዋ ብትዳር ማስረጃ የላትም። እኔ እንደማየው ዛሬ በአካባቢያችን ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ከስብሰባና ከመፈክር ሁሉ የሚበልጠው ሥራ የቀበሌው የልደት መዝገብ ነው። ይህ ደግሞ የበጀት ጉዳይ ነው፤ መዝጋቢ ሠራተኛ፣ ቅጽ፣ ማኅተም፣ ከጤና ኬላ ጋር የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። የበጀት ጉዳይ ደግሞ የምክር ቤት ጉዳይ ነው።

በ2007ቱ ምርጫ ከ547 የፌዴራል ተወካዮች 212ቱ ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ ይህን ቁጥር ቢሰሙ ምን ያህል ይደነቁ ነበር! ግን ወንበር መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ጓዳው መናገር ሌላ ነው። በ2002 የተመረጠውን ምክር ቤት አስታውሱ፤ ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የአቶ ግርማ ሰይፉ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን እጃቸውን ሲያወጡ ድምፁ አስቀድሞ የተቆጠረ ነበር። ሆኖም የተናገሩት በቃለ ጉባኤ አለ፤ በዚያ ዘመን ስለወጡ አዋጆች የሚያጠና ተማሪ «የተቃወመ አልነበረም» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ለሁለቱም ጾታ፣ ለየትኛውም ፓርቲ ተወካይ የምመኘው ይህን ነው፤ የሚያሸንፍ ንግግር ባይኖረው እንኳ የተመዘገበ ንግግር ይኑረው።

የተወካይን ንግግር ደግሞ መራጭ ካልጠየቀው የሚጠይቀው የለም። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ የሚጀምርበትን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ፣ የሚዘጋበትን ሰኔ 30 አድርጎ ወስኗል። ሐምሌና ነሐሴ ተወካይ ከመራጩ ጋር የሚገናኝበት ወቅት ነው፤ ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ የማውረድ መብት ሰጥቶታል። እኛ ግን ተወካይ ሲመጣ የምንጠይቀው መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት ነው። አስፈላጊ ናቸው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ከጓዳው ግን ጥያቄ ይዘን የወጣንበትን ስብሰባ አላስታውስም። ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ስለ ልጅ ጋብቻ ቢነሣም «የቤት ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ተወካዮቻችን፣ የፌዴራሉም የክልሉም፣ ወደ ደራ ሲመጡ የሚከተለውን እንድንጠይቃቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። በየቀበሌያችን ዘንድሮ ስንት ልጆች ተወለዱ? ከእነርሱ ስንቶቹ በ90 ቀን ውስጥ ተመዘገቡ? መዝጋቢ የሌለው ቀበሌ የትኛው ነው? ባለፈው የሠርግ ወቅት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ተብለው የተጠቆሙ ስንት ነበሩ፤ ፍርድ ቤት የደረሱትስ? እናንተስ ስለዚህ ጉዳይ በምክር ቤቱ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አጀንዳ ተናገራችሁ? ጥያቄውን የምታቀርበው አንዲት እናት ወይም አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ብትሆን እመርጣለሁ፤ መምህራን ጽፋችሁ አዘጋጁላት፣ አባቶች የፊቱን ወንበር ልቀቁላት። መልሱንም አንድ ሰው በደብተር ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ደብተሩን ይዘን እንገናኝ።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ከእናቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል።